በጎልማሳነት ወደ ኮምፒውተር ትምህርት መመለስ፦ ከማኅበራችን የምንጠይቀው

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ዱከም፣ በቅዳሜ ጥናት ቡድን ስም የቀረበ ንግግር)



ይህ ንግግር የአንድ ሰው አይደለም። የቅዳሜ ጥናት ቡድን አባላት ቡና እያፈላን፣ አንዷ እየጻፈች ሌሎቻችን እያረምን ያዘጋጀነው ነው። የምታነበው አንዷ ብትሆንም ቃሉ የሁላችንም ነው፤ ቅሬታ ያላችሁ ለሁላችንም አካፍሉን።

የመጣንበት ጉዳይ አንድ ነው። ማኅበራችን ለዶሮ እርባታ፣ ለበግ ማድለቢያ፣ ለእንጀራ ንግድና ለጉሊት ሲሰጥ የቆየውን ተዘዋዋሪ ብድር ለትምህርትም፣ በተለይ ለኮምፒውተር ሙያ ትምህርት፣ እንዲፈቅድ ጠይቀናል። ከምሳ በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል። አንዳንድ እናቶቻችን ሐሳቡን እንደማይደግፉት እናውቃለን። ፊት ለፊት ነግረውናል፤ ከኋላ ከመታማት ይሻላልና እናመሰግናቸዋለን። የዛሬው ንግግራችን ከሁሉ በፊት ለእነሱ መልስ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንን እንናገር፤ ደጋፊዎቻችን ሁላችንንም አያውቁንም። ከመካከላችን ፋብሪካ የሚሠሩ አሉ። ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን እዚህ ዱከም ሲለማ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የሁዋጂየን ጫማ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር፣ ለከተማችንና ለገጠሩ ሴት ልጆች በወር ደመወዝ የሚከፈልበት በር ተከፈተ፤ ከእኛም በዚያ በር የገቡ አሉ። ለሥጋ ቤቶቹ እንጀራ የምናቀርብም አለን። ዱከም ላይ ቁርጥ ሊበላ መኪናውን ያቆመ መንገደኛ እንጀራው ከማን ጓዳ እንደወጣ አይጠይቅም፤ ከእኛ ነው። ሌሎቻችን ጉሊት እንቸረችራለን፣ ቤት እንውላለን፣ ልጅ እናሳድጋለን። ትንሿ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ትልቋ አርባ አራት።

አብዛኞቻችን ትምህርት ያቋረጥነው 10ኛ ክፍል ላይ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፍሎት ነበር። 10ኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ብሔራዊ ፈተና ነበር፤ ጥሩ ያመጣ ወደ መሰናዶ፣ ከዚያ ዝቅ ያለ ወደ ቴክኒክና ሙያ፣ የቀረው ወደ ቤቱ። እኛ ወደ ቤታችን ከሄድነው ነን። አንዳንዶቻችን ለቴክኒክና ሙያ የሚበቃ ውጤት ነበረን፤ ነገር ግን በዚያው ክረምት ተዳርን፣ ወይም ታናናሾቻችንን ለማስተማር ሥራ ገባን። ያ ፈተና አሁን ቀርቷል። የእኛ የውጤት ወረቀት ግን ዛሬም ሣጥን ውስጥ ከልጆቻችን የክትባት ካርድ ጋር ተቀምጧል።

«ለምን ኮምፒውተር? ስፌት አይሻልም ወይ?» ተብለናል። ስፌትማ የምንችል አለን። ኮምፒውተርን የመረጥነው በቴሌቪዥን ስለሚወራው ስለ ትልልቁ ገንዘብ አይደለም። የምንሠራበትን ቦታ እያየን ነው የመረጥነው። መጋዘን ውስጥ የገባና የወጣ ዕቃ የሚመዘገበው በኮምፒውተር ነው። ሰዓት ፊርማ በጣት አሻራ ሆኗል፤ ከአሻራው ላይ ደመወዝ የምታሰላው ልጅ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች። ሱቅ ያለው ሁሉ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን አለው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ እንጀራ የምንሸጥላቸው ሰዎች እንኳ በስልክ ነው የሚከፍሉን። እያንዳንዱ በር ላይ የሚለጠፈው የሥራ ማስታወቂያ «ኮምፒውተር የምትችል» ይላል። ከማሽን አጠገብ ስምንት ሰዓት ቆማ የምትውል ሴት ይህን ማስታወቂያ በየቀኑ እያነበበች ታልፋለች። እግሯ ያበጠባት ሴት የምትቀመጥበት ሥራ ብትመኝ ቅንጦት አይደለም።

ታዲያ በዚህ ዕድሜ በየት በኩል ይገባል? መንገዶቹን ጠይቀን ደርሰንባቸዋል፤ ለሌሎቻችሁም ስለሚጠቅም እንናገር።

አንደኛው በማታ ትምህርት 11ኛና 12ኛን ጨርሶ፣ በግል ተፈትኖ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነው። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው፤ በ1985 ዓ.ም. የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ የተመሠረተው ነው። ከመካከላችን አንዷ ይህን መንገድ ይዛለች፤ እግዜር ይርዳት። ሆኖም የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ቀን ሙሉ ከሚማሩ ወጣቶች ጋር በዚህ በር መጋፋት ረጅም ዓመታት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ቴክኒክና ሙያ ነው። በየደረጃው ከፍ እያለ ይሄዳል። በኮምፒውተር በኩል የሃርድዌርና ኔትወርክ ጥገና፣ የዳታቤዝ አስተዳደር፣ የድረ ገጽ ሥራ አሉ። በዚህ መንገድ ደስ ያለን አንድ ነገር አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስልት፣ ሰው ሙያውን የትም ይማረው የት፣ የብቃት ምዘና ተፈትኖ ማለፉ ነው የሚታየው ይላል። ሲኦሲ የምንለው ማለት ነው። ፈተናው በወረቀትም በተግባርም ነው፤ ኮምፒውተሩን ፈትተሽ ግጠሚ ትባያለሽ፣ ትገጥሚያለሽ። ዕድሜሽን የሚጠይቅ የለም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ከመካከላችን ሁለቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማንጠራው አንድ ማሠልጠኛ ገንዘብ ከፍለው ገብተው ነበር። ለሦስት ወር በፎቶ ኮፒ የተባዛ ማስታወሻ ሲገለብጡ ቆዩ፤ ኮምፒውተሩን የነኩት በጣት በሚቆጠሩ ቀናት ነው። በመጨረሻ የተሰጣቸውን ወረቀት ይዘው ምዘና ሊመዘገቡ ሲሄዱ፣ ማሠልጠኛው በዚያ ደረጃ ለማሠልጠን ፈቃድ እንደሌለው ተነገራቸው። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በየትኛው ደረጃ ፈቃድ አለው? አንድ ኮምፒውተር ለስንት ተማሪ ነው? ካለፈው ዓመት ተማሪዎች ምዘና ተቀምጣ ያለፈች አንዷን ልታገናኙኝ ትችላላችሁ? ሦስተኛውን ሲሰሙ ፊታቸው ከተለዋወጠ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሦስተኛው መንገድ በነፃ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር የጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም በኢንተርኔት ይሰጣል፤ የፕሮግራሚንግ መሠረት፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መግቢያ አለው። ጨርሳ ላለፈች ሰርተፊኬት ይሰጣታል። በራስ ፍጥነት ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብትማሪ የሚከለክልሽ የለም። ነፃ መሆኑ ግን ቀላል አያደርገውም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በስልክ መስኮት ኮድ መጻፍ ደግሞ በማንኪያ ጉድጓድ እንደ መቆፈር ነው። ሰርተፊኬቱም ብቻውን ሥራ አያስገኝም፤ ይህን የምንለው ልናስጎመጃችሁ ስለማንፈልግ ነው። የሚሰጠው ነገር ግን አለ፦ ይህን ነገር እችለዋለሁ ወይስ አልችለውም ለሚለው ጥያቄ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ መልስ ይሰጣል።

ከዚህ በኋላ የምንናገረው ስለ ራሳችን ነው። በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ቡድኑን ስንጀምር ስድስት ሴቶችና አንድ ላፕቶፕ ነበርን፤ ላፕቶፑ ማኅበሩ ሪፖርት የሚጽፍበት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለፉት ፊደል በመፈለግ ነው። በአፋን ኦሮሞ የተማሩት እህቶቻችን ቀደሙን፤ ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ ቁልፉ ላይ ያለው ለዓይናቸው እንግዳ አልነበረም። በአማርኛ የተማርነው ደግሞ በላቲን ቁልፍ ግዕዝ ፊደል ማስወጣት አንዴ ከገባን በኋላ የማኅበሩን ደብዳቤ ሁሉ መጻፍ ጀመርን። የእኛ ፊደል ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደል መለያ ውስጥ፣ ዩኒኮድ የሚሉት ነው፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 መሆኑን ያወቅነውም ያን ጊዜ ነው። እኛ ገና ፊደል ስንቆጥር እነ ዶክተር አበራ ሞላ ፊደሉን ከኮምፒውተር ጋር ሊያስታርቁ ሲደክሙ ኖረዋል።

መማሪያ መጽሐፍ አልነበረንም። ስለዚህ የማኅበሩን የቁጠባ መዝገብ መማሪያ አደረግነው። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ እጃችን ላይ የነበረው እሱ ነበር። መዝገቡን ኤክሴል ላይ ገለበጥነው፦ ስም፣ ወር፣ የቆጠበችው፣ የከፈለችበት ቀን፣ ቅጣት። በመተዳደሪያ ደንባችን፣ ወር በገባ እስከ 5 ያልከፈለች አባል ለእያንዳንዱ ቀን 1 ብር ትቀጣለች። ኤክሴል ላይ ይህን ለማዘዝ «ኢፍ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ «ከሆነ» ማለት ነው። የከፈለችበት ቀን ከ5 ካልበለጠ ቅጣቱ ዜሮ ይሁን፤ ከበለጠ ግን ከቀኑ ላይ 5 ይቀነስ። ይኸው ነው። ይህን ስንጽፍ አንዷ እህታችን «ይኼማ ደንባችን ነው!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው። የፕሮግራም ሰዎች ሁኔታ የሚሉት ነገር፣ ዕቁብና ዕድር ላይ ያደግን ሴቶች ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቀው ነው። ማን ከቀረ ምን ይቀጣል፣ ማን ከወለደች ምን ይደረግላታል፣ ሐዘን የደረሰባት ከቅጣት ነፃ ናት ወይስ አይደለችም? እኛ የማናውቀው ስሙን ነበር።

ከዚያ አንድ እንቅፋት ገጠመን። ወር አልፎ የምትከፍል አባል ስትኖር፣ ወይም ብድር ስንት ቀን እንደዘገየ ሲሰላ፣ ኮምፒውተሩ አልተባበር አለ። ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን ቀን ነው፤ ጳጉሜን አያውቅም። ነሐሴ 20 ተበድራ መስከረም 5 የመለሰች ሴት ስንት ቀን ያዘችው? ብንጠይቀው አይመልስም። ወደ ፈረንጅ ቀን እየለወጥን እናስገባ አልን፤ አድካሚ ነው፤ እናቶቻችንም መዝገቡን አይተው አያውቁትም።

መፍትሔውን ያመጡት እትዬ ገንዘብ ያዣችን ናቸው። ከፊት ተቀምጠዋል። የዛሬውን ሐሳባችንን አጥብቀው የሚቃወሙትም እሳቸው ናቸውና ምስክርነታቸው ይመር ብላችሁ አትጠርጥሩ። «ልጆች፣ የእኛ ወር እኮ ቀላል ነው» አሉን። «አሥራ ሁለቱም ሠላሳ ሠላሳ ነው። የምትጠነቀቁት ለጳጉሜን ብቻ ነው፤ አምስት ናት፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት ትሆናለች።» እኛ የጻፍነው ይህንን ቃል ነው። ዓመቱን በ365 አብዙ፤ ዓመቱን ለ4 አካፍላችሁ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ደምሩበት፤ ያለፉትን ወሮች በ30 አብዝታችሁ ደምሩ፤ በመጨረሻ ቀኑን ጨምሩ። ለሁለቱም ቀኖች እንዲህ አድርጋችሁ አንዱን ከሌላው ቀንሱ። ነሐሴ 20 ቀን 2015 ተበድራ መስከረም 5 ቀን 2016 የመለሰች ሴት 21 ቀን ይዛዋለች፤ 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን ስድስት ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት በእነዚያው ቀኖች የተበደረችና የመለሰች ግን 20 ቀን ነው የያዘችው። እሳቸው በጣታቸው ቆጠሩ፣ እኛ በኮምፒውተር፤ አንድ ሆነ። ከዚያ የቆዩትን መዝገቦች በሙሉ አንድ በአንድ እያስገባን ፈተንነው።

ይህ ለምን ረዘመ ትሉ ይሆናል። ይህ ራሱ የሙያው ሥራ ስለሆነ ነው። ሕጉን ከሚያውቀው ሰው መስማት፣ ልዩ ሁኔታውን ማግኘት፣ መጻፍ፣ በአሮጌው መዝገብ መፈተን። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ በደመወዝ የሚሠራው ሰውም በመሠረቱ ይህንኑ ነው የሚሠራው። በኋላ ሁለቱ እህቶቻችን ይህንኑ ስሌት በፕሮግራም ቋንቋ ጻፉት፤ ስልክ ላይ ቀኑን ስታስገቡ ቅጣቱን ይነግራችኋል። አንዷ የእንጀራ ነጋዴ ናት፤ ሌላዋ ጫማ ሰፍታ የመጣች።

ስለዚህ «ሴቶቹ ይችላሉ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ አልፈነዋል ብለን እናምናለን። «ዕድሜያችን አልፏል» የሚለውንም እንዲሁ። እናቶቻችን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ልጅ አዝለው በኩራዝ ፊደል ቆጥረዋል። የማኅበራችንን የመጀመሪያ መዝገብ ግለጡት፤ ግማሹ የጣት ቀለም ነው። የዛሬውን ግለጡት፤ ፊርማ ነው። ያን ጊዜም «በዚህ ዕድሜ?» ተብሏል።

እውነተኛው ችግር ሌላ ነው፤ ሰዓት ነው። ከእኛ ቡድን የቀሩ ሴቶች አሉ። አንዳቸውም «ከበደኝ» ብለው አልቀሩም። አንዷ የሥራ ፈረቃዋ ተለዋወጠባት። አንዷ የታመሙ አማቷን ታስታምማለች። ሁለቱ ሕፃኑን የሚይዝላቸው አጡ። የማታ ትምህርት ቤት ተመዝግባ የነበረችው ደግሞ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ባጃጅ አጥታ፣ በጨለማ በእግሯ እየተመለሰች፣ ባለቤቷ «ወይ ቀን ተማሪ ወይ ተይው» አላት። ቀን ደግሞ ትሠራለች። ክፍያውን ብንሰጣት ኖሮ ይህ አይፈታላትም ነበር።

በዚህ ላይ ከውጭ አንድ ታሪክ እናምጣ። ስቴፋኒ ሸርሊ የሚባሉ እንግሊዛዊት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ጀርመን ተወልደው በአምስት ዓመታቸው በስደት እንግሊዝ የገቡ። ቀን በፖስታ መሥሪያ ቤት የምርምር ጣቢያ እየሠሩ፣ ስድስት ዓመት ማታ ማታ ተምረው በሒሳብ ዲግሪ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1962 በ6 ፓውንድ አንድ የፕሮግራም ድርጅት ከፈቱ። የቀጠሯቸው ሙያው ኖሯቸው በትዳርና በልጅ ምክንያት ቤት የቀሩ ሴቶችን ነበር፤ ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች 297ቱ ሴቶች ነበሩ። ሴቶቹ ቤታቸው ሆነው፣ ልጅ ሲተኛ፣ በእርሳስና በወረቀት ፕሮግራም ይጽፉ ነበር። ኮንኮርድ የተባለው አውሮፕላን የበረራ መመዝገቢያ ሳጥን ፕሮግራም የተሠራው እንዲህ ነው። ደብዳቤያቸውን በሴት ስም ሲልኩ መልስ ስላጡ «ስቲቭ» ብለው መፈረም ጀመሩ፤ ስልክ ሲደወል የሕፃን ለቅሶ እንዳይሰማ የታይፕ ድምፅ የተቀዳበት ካሴት ይከፍቱ ነበር። ይህን ስናነብ ሳቅን፤ ከመካከላችን ኩሽናዋን ዘግታ ስልክ የማታናግር ማን አለች?

እኚህ ሴት ለሠራተኞቻቸው ዕውቀት አልሰጧቸውም፤ ዕውቀቱ ነበራቸው። የሰጧቸው ከኑሯቸው ጋር የሚሄድ ሰዓት ነው። አሜሪካም ውስጥ ዶሮቲ ቮን የተባሉ ጥቁር የሒሳብ ባለሙያ፣ ናሳ ኮምፒውተር ሲያስገባ፣ ሃምሳ ዓመት አካባቢ ሆነው ፎርትራን የተባለውን ቋንቋ በራሳቸው ተምረው ለሥራ ባልደረቦቻቸው አስተምረዋል። ለእኛ ትልቁ ነገር ለባልደረቦቻቸው ማስተማራቸው ነው። ብቻዋን የምትማር ሴት ልጇ ሲታመም ታቋርጣለች፤ በቡድን የምትማር ሴት ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ያመለጣትን የሚነግራት አላት።

እኛም ሰዓት መቆጠብ ጀምረናል። ቅዳሜ ከሰዓት ከ8 እስከ 11 ሰዓት ስንማር ሁለት ሴቶች በተራ ልጆቹን ይይዛሉ። አንድ ደብተር አለን፤ ሦስት ሰዓት ልጅ የያዘች ሴት ሦስት ሰዓት ይጻፍላታል። ስትፈልግ ታወጣዋለች፦ ፈተና ስትቀመጥ፣ ሐኪም ቤት ስትሄድ፣ አልፎ አልፎም ዝም ብላ ስትተኛ። የማይማሩ እናቶቻችንም ገብተውበታል። ሰዓታቸውን በደብዳቤ ማስጻፍ፣ በቴሌብር ገንዘብ ማስላክ ያወጡታል። እስካሁን ተበድራ የጠፋች የለችም።

አሁን ወደ ተቃውሞው እንምጣ። እትዬ ገንዘብ ያዣችን የሚሉት ይህ ነው፦ «በግ ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ይሸጣል፤ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። ተማሪዋ ሥራ ባታገኝ ምን ሸጣ ትመልሳለች? ገንዘቡ እኮ የመበለቶችም ነው።» ትክክል ናቸው። ገንዘቡ የሁላችንም ነው፤ መሐል መንገድ ላይ የሚቀር ብድር ማኅበሩን ያፈርሳል። ስለዚህ ያቀረብነውን ሰነድ የጻፍነው የእሳቸውን ጥያቄ ፊታችን አስቀምጠን ነው።

ብድሩን የምትጠይቅ አባል አስቀድማ ከነፃዎቹ ኮርሶች ቢያንስ አንዱን ጨርሳ ሰርተፊኬቱን ታሳያለች። ይህ ያለ ገንዘብ ወንፊት ነው፤ ለወሬ የመጣችውና ለሥራ የመጣችው እዚያ ላይ ይለያሉ። ከዚያ ፈቃድ ያለው ማሠልጠኛ መሆኑ በኮሚቴ ይጣራል። ክፍያው ለእሷ በእጅ አይሰጥም፤ ለማሠልጠኛውና ለምዘናው ይከፈላል፤ የባጃጁ ብቻ ለእሷ ይሰጣል። የብድሩ ጣሪያ ከበግ ማድለቢያው አይበልጥም። የእፎይታ ጊዜ አንድ ዓመት ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ደመወዝ ከጀመረች ከመጀመሪያው ደመወዟ መመለስ ትጀምራለች። ወርኃዊ ቁጠባዋን ግን አንድም ወር አታቋርጥም፤ ይህ የማይታለፍ ነው። ሁለት ዋስ ትጠራለች፤ ሁለቱም ከጥናት ቡድኑ ይሆናሉ። ስለዚህ ብትዘገይ የምንጠየቀው እኛ ነን፣ መበለቶቹ አይደሉም። በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ ሴቶች አይበደሩም።

ሥራ ባታገኝስ? ይህን ልንሸፋፍነው አንፈልግም። ዱከም ውስጥ ዛሬ የሚታዩት ሥራዎች የመጋዘን መዝጋቢነት፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት፣ የሒሳብ ረዳትነት፣ የኮምፒውተርና የስልክ ጥገና ናቸው። ለውጭ አገር ቤት ሆኖ መሥራት የሚባለውን ሰምተናል፤ ገንዘቡን ወደዚህ አምጥቶ በባንክ መቀበል ገና አስቸጋሪ ስለሆነ ማንንም በዚህ ተስፋ አናበድርም። እንጀራ የምትጋግረው እህታችን ተምራ እንጀራዋን ብትቀጥል እንኳ፣ ለሥጋ ቤቶቹ ያበደረችውንና የቀራትን በአንድ ገጽ ታያለች። ባለፈው ክረምት በዚህ መንገድ ብቻ ያልተከፈላትን የሁለት ወር ዕዳ አግኝታ ተቀብላለች። ያ ገንዘብ ከአንድ በግ ትርፍ አያንስም።

ለባለቤቶቻችንና ለልጆቻችንም አንድ ቃል። ከመካከላችን ሴት ልጇ የምታስተምራት እናት አለች። መጀመሪያ ላይ ለሁለቱም ከብዶ ነበር፤ ልጅቷ «እማዬ፣ ስንቴ ልንገርሽ» ስትል እናትየው ተነስታ ወጥ ልታማስል ትሄድ ነበር። አሁን ስምምነት አላቸው፦ ከላፕቶፑ ፊት ልጅቷ መምህር ናት፤ ከተነሱ በኋላ እናት እናት ናት። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ይህን ሞክሩት።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ በቀጥታ እንናገር፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ያረጁ ትልልቅ ኮምፒውተሮች አታምጡልን። መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ፤ የተጻፈው ሁሉ ይሄዳል። ባትሪው ሦስት ሰዓት የሚቆይ ያገለገለ ላፕቶፕ ግን ይጠቅመናል፤ ቻርጀሩ አብሮት ይምጣ። ከላፕቶፕም በላይ የምንፈልገው በወር ሁለት ቅዳሜ መጥቶ የከበደንን የሚያስረዳ ባለሙያ ነው፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ቢችል ደስታችን ነው። ፋብሪካ ወይም ቢሮ ያላችሁ ደግሞ፣ ምዘናውን ያለፈች አባላችንን ለአንድ ወር ሞክሯት። ሥራውን ካልቻለች መልሱልን፤ አንቀየምም።

የውሳኔ ሐሳቡ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ታትሞ በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል። የጻፉትም ያተሙትም የቡድኑ ልጆች ናቸው። አንቀጽ 4 ላይ ስለ ዋስ የተጻፈውን ደግማችሁ አንብቡት፤ እትዬ ገንዘብ ያዣችን ትናንት ማታ ባነሱት ጥያቄ ምክንያት አስተካክለነዋል። ማንበብ የሚቸግራቸው እናቶች ካሉ በምሳ ሰዓት አጠገባችሁ ተቀምጠን እናነብላችኋለን። ድምፁ የሚሰጠው በእጅ ነው፤ ቆጣሪዎቹ ከቡድናችን ውጭ እንዲሆኑ ጠይቀናል።

ለጥያቄ ዝግጁ ነን።